ወፏ ለምን ደበዘዘች? የስኮፕና የካሜራ ችግርና መፍትሄ ከድሬ እስከ ሐረር

ለወፍ ፎቶ ብሎ ስኮፕ (ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ ሩቁን የሚያጎላ ባለ አንድ ዓይን መነጽር) ወይም ትልቅ ሌንስ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው «ዕቃው አይረባም» ብሎ ነው። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአየሩ፣ የማቆሚያው ወይም የሰዓቱ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሌላ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን አይታችሁ ምክንያቱን ለዩ። ገና ልትገዙ ያሰባችሁም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። የትኛው ችግር በገንዘብ እንደሚፈታ፣ የትኛው እንደማይፈታ ያወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ አይታለልም።

ምስሉ ይዋኛል፣ ጥርት አይልም

ይሄ የድሬዳዋ ቁጥር አንድ ችግር ነው። በስኮፑ ስታዩ ወፏ ትርገበገባለች፣ ጠርዟ ይሟሟል። ፎከሱን ወዲያ ወዲህ ስታዞሩ የያዘላችሁ ይመስልና ወዲያው ያመልጣል።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ፀሐይ አስፋልቱን፣ ቆርቆሮውንና የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ስታግል፣ ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ቀዝቀዝ ካለው ጋር ይደባለቃል። ብርሃን በሁለቱ ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል። በ20 እጥፍ ስታጎሉ ወፏን ብቻ አይደለም ያጎላችሁት፣ መሃል ያለውንም አየር ነው። በ60 ደግሞ አስቡት።

መለየቱ ቀላል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከመንገድ ማዶ ባለ የሱቅ ታፔላ ላይ ስኮፑን አነጣጥሩና ከታች የተጻፈውን ስልክ ቁጥር አንብቡ። 5 ሰዓት ላይ ከዚያው ቦታ ድገሙት። ጠዋት ቁልጭ ብሎ የታየው 3 ቁጥር እኩለ ቀን ሲቃረብ 8 ከመሰላችሁ ስኮፑ ጤነኛ ነው። ጠዋትም ካልጠራ ግን ችግሩ ከመስታወቱ ነው። ያኔ ዋስትና ካለው ወደ ሻጩ መልሱት።

ለሙቀቱ መፍትሄው ሰዓትና ርቀት ነው። ድሬ ላይ ጥሩ የፎቶ ሰዓት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ስኮፑ ወፏን ለመለየት ይረዳችሁ እንጂ ፎቶ አትጠብቁበት። ከ100 ሜትር በ60 ከማንሳት ከ30 ሜትር በ20 ማንሳት ይሻላል። አሸዋው ላይ ተንበርክካችሁ በአሸዋው አናት ላይ አሻግራችሁ አትዩ፤ ከድልድይ ወይም ከሰገነት ላይ ሁኑ። ሸተር ስፒድ (ካሜራው ምስሉን የሚይዝበት ፍጥነት) መጨመር አያድንም። የተጣመመውን ምስል እንደተጣመመ ይይዘዋል፣ በቃ።

ሁለት ነገር ደግሞ ይረሳል። መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍታችሁ በመስኮት ካነጣጠራችሁ፣ መስኮቱ ላይ ራሱ ቀዝቃዛና ትኩስ አየር ይጋጫል። ሞተሩንም ኤሲውንም አጥፉና ትንሽ ጠብቁ። ኤሲ ካለበት የሆቴል ክፍል የወጣ ስኮፕም ወዲያው አይጠራም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ አቆዩት።

የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ወደ ሐረማያና ሐረር ስታልፉ ነገሩ ይቀላል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ጥሩው ሰዓት ይረዝማል። የእኔ ምክር፣ ኑሯችሁ ድሬ ከሆነ ለ60 ማጉያ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ጥራት ያለው ባለ 25 ወይም ባለ 30 ማጉያ ይበቃችኋል።

በነካችሁት ቁጥር ይርገፈገፋል

ይሄኛው ከአየሩ አይደለም። አየር ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጣል፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) ግን ስትነኩት ተወዛውዞ ይቆማል። ስኮፑን በጣት ቸብ አድርጉና እያያችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሳትሉ ከረጋ ደህና ነው። አምስት ስትሉም ገና ከተወዛወዘ ትራይፖዱ አልቻለም።

መጀመሪያ ያለውን አስተካክሉ። ወፍራሞቹን እግሮች ቀድማችሁ ዘርጉ፣ ቀጭኖቹን ካስፈለገ ብቻ። የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አታውጡት። ቦርሳችሁን ከመሃል አንጠልጥሉ፤ ነፋስ ካለ ግን መሬት እንዲነካ አድርጉት፣ አለበለዚያ ቦርሳው ራሱ ይወዛወዛል። ስኮፑ የሚታሰርበት የትራይፖዱ ጭንቅላት ለቪዲዮ የተሠራው፣ ለስለስ ብሎ የሚዞረው ቢሆን ጥሩ ነው። ባለ ኳሱ ስኮፑን ይዞ ቀስ እያለ ያዘነብላል።

የዓይን ማያው አንገት ያዘነበለ ስኮፕ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጋችሁ ስለምትጠቀሙ ይረጋል፤ አጭርም ረጅምም ሰው ሳይስተካከል በተራ ያይበታል። ቀጥ ያለው ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ይመቻል። በጀት ስታወጡ ግን የትራይፖዱን ድርሻ በመጨረሻ ከተረፈው ሳንቲም አታድርጉት።

ሲጎላ ይጨልማል

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በማጉያው አካፍሉት። ባለ 80 ሚሊሜትር ስኮፕ በ20 ሲያጎላ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። በ60 ግን 1.3 ብቻ ነው። ባለ 60 ሚሊሜትሩ በ60 ሲሆን 1 ሚሊሜትር ይቀራል። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ የዓይናችሁ ብሌን ሰፍቶ እያለ በዚያች ጭላንጭል ምንም አታዩም። መፍትሄው ማጉያውን መመለስ ነው።

ለመግዛት ከሆነ ጥያቄው ብርሃን ወይስ ክብደት ነው። 80ው ከነትራይፖዱ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎ ያልፋል። በራሳችሁ መኪና ሐረማያ ሐይቅ ዳር ለምትቆሙ ጥሩ ነው። በባጃጅና በሚኒባስ ለምትንቀሳቀሱ 60 ወይም 65ቱን እመርጣለሁ። ቤት የሚቀር ትልቅ ስኮፕ ምን ያደርጋል?

ስልኬን ስደግንበት ጥቁር ክብ ይመጣል

ስልክን ከስኮፕ ጋር ማጣመር ርካሹ መንገድ ነው፤ ብስጭቱም ብዙ ነው። ዙሪያውን ጥቁር ሆኖ መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከታየ የስልኩ ካሜራ ከዓይን ማያው ትክክለኛ ርቀት ላይ አይደለም። የጎማውን ቆብ አንዴ አውጡት፣ አንዴ አስገቡት፣ የቱ እንደሚሻል እዩ። ጥላው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ስልኩ ከመሃል ወጥቷል።

ሦስትና አራት ካሜራ ያላቸው ስልኮች ሌላ ጣጣ አላቸው። ዙም ስታደርጉ ስልኩ ሳይነግራችሁ ወደ ሌላው ሌንስ ይዘላል፣ ስክሪኑም ድንገት ይጠቁራል። ዋናውን ካሜራ ያዙ፣ ስኮፑን በ20 አድርጉ፣ የቀረችውን ጥቁር ጠርዝ በስልኩ ዙም ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ አስወጧት። በእጅ መያዝ ይቻላል፣ ግን ያሰለቻል። ስልኩን ከስኮፑ ጋር አጥብቆ የሚያያይዝ አስማሚ ግዙ፤ ስትገዙ የራሳችሁን ስልክና ስኮፕ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። ስክሪኑን አትንኩ፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ወይም በብዙ ስልኮች ላይ የሚሠራውን የኢርፎን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ተጠቀሙ።

በነጭ ሰማይ ላይ ያለች ወፍ ጠርዟ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ምንም ብታስተካክሉ አይጠፋም። ቀለማቱን አንድ ቦታ ማሳረፍ ያቃተው መስታወቱ ነው። ኢዲ የተባለው መስታወት ያለበት ስኮፕ ይሄን በጣም ይቀንሳል። ብር ጨምሩ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ጭልፊቱን ሌንሱ አያገኘውም

ሐረር ጀጎል ውስጥ ስጋ ተራ አካባቢ ጭልፊቶቹን አይታችኋል። ከጣሪያ በላይ ይዞራሉ፣ አንዱ ክንፉን ሰብሰብ አድርጎ ቁልቁል ይወረወራል፣ ስጋውን በእግሩ ነጥቆ ሄዷል። ካሜራ የያዘው ሰው ያኔ ገና ሰማዩን እየፈለገ ነው።

እዚህ ስኮፕ አይሠራም፣ እቤት ተዉት። 600 ሚሊሜትር ሌንስም ይበዛል። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ትንሽ በሆነ ካሜራ ላይ 600ው በኒኮንና ሶኒ በ1.5፣ በካኖን በ1.6 ተባዝቶ እንደ 900 እና 960 ሆኖ ነው የሚያሳያችሁ። በዚያ ጠባብ እይታ በጥቂት ሜትር ርቀት የሚያልፍ ወፍ አይገኝም። ከ70 እስከ 300 ያለው ተራ ሌንስ ይበልጣል። በ100 ወይም በ150 ጀምሩ፣ ወፉን ከያዛችሁ በኋላ ዙም አድርጉ።

አግኝታችሁት ከደበዘዘ ሁለት ነገር እዩ። ሸተር ስፒዱ 1/2000 ካልደረሰ ክንፉ ይደበዝዛል፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ አድርጉና ፍጥነቱን አትልቀቁ። ፎከሱ ደግሞ አንዴ ይዞ የሚቆመው ሳይሆን ተከታዩ መሆን አለበት፤ በኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ፣ በካኖን ሰርቮ ይባላል። ግራር ውስጥ ለተቀመጠች ወፍ ግን የፎከስ ነጥቡን ወደ አንዲት ትንሽ ነጥብ አጥብቡት። አለበለዚያ እሾሁ ጥርት ብሎ ወፏ ከኋላ ትደበዝዛለች።

ጭልፊቱ ጥቁር ጥላ ብቻ ከሆነ ካሜራው በነጩ ሰማይ ተታሏል። ኤክስፖዠሩን (የምስሉን ብሩህነት) በ+1 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ጨምሩ። ለነጭ የውሃ ወፍ ተቃራኒው ነው፣ ቀንሱ።

ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል

ባለ ረጅም ዙም አንድ ወጥ ካሜራ የያዙ ሰዎች ምሽት ላይ የሚያነሱት ቅሬታ ነው። የኒኮን ፒ950 ዙም እስከ 2000 ሚሊሜትር፣ ፒ1000 እስከ 3000 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል። ሴንሰራቸው ግን ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። መጨረሻው ዙም ላይ ቀዳዳቸውም ይጠባል፤ በፒ950 ኤፍ 6.5፣ በፒ1000 ኤፍ 8 ነው (የኤፍ ቁጥር ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)። ብርሃን ሲያንስ አይኤስኦው ይወጣል፣ ምስሉ ይሻክራል። ዙሙን በግማሽ መልሱ፣ ወደ ወፏ ቅረቡ፣ ወይ ለጠዋት ተዉት።

ይሄን ያልኩት ላጣጥላቸው አይደለም። ለጀማሪ፣ ዓላማው ፎቶ ከሆነ፣ ፒ950ን ከስኮፕና ስልክ ጥምረት አስበልጣለሁ። 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሌንስ መቀየር የለም፣ ስለዚህ ሌንስ ሲነቀል የሚገባው አቧራ የለም። የሐይቅ ወፎችን ቁጭ ብሎ ሲያይና ሲለይ መዋል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስኮፕ ይግዛ።

አቧራውን ካነሳን አይቀር፣ በየፎቶው ሰማይ ላይ እዚያው ቦታ ላይ የምትታይ ጥቁር ነጠብጣብ ሴንሰር ላይ ናት። በኤፍ 16 ነጭ ሰማይ ብታነሱ ጎልታ ትወጣለች። በጎማ መንፊያ አስወጧት፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። የሌንስ ፊትም ቢሆን ቀድሞ ይነፋል፣ ከዚያ በብሩሽ፣ በመጨረሻ በጨርቅ። በነጠላ ጫፍ ወይም በቲሸርት መጥረግ የድሬን አሸዋ መስታወቱ ላይ መፈግፈግ ነው።

ካርቶኑ 300 ይላል፣ ዓይኔ ግን 10 ነው የሚያየው

ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ኦንላይን ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የተጻፈበት ስኮፕ ካያችሁ ማስመሪያ አውጡ። ስኮፑን ወደ ሰማይ አዙራችሁ (ወደ ፀሐይ በፍጹም!) ክንድ ያህል አርቃችሁ ያዙት። ዓይን ማያው ላይ ደማቅ ትንሽ ክብ ይታያችኋል። ስፋቷን ለኩ፣ የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በእሷ አካፍሉ። ፊቱ 50 ሚሊሜትር ሆኖ ክቧ 5 ከሆነች ማጉያው 10 ገደማ ነው፣ ካርቶኑ ያለውን ይበል። አሮጌ ዕቃ ከሆነ በስልክ ባትሪ ከፊት አብርታችሁ ወደ ውስጥ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አቦ፣ እሱን ተዉት፣ ቢጸዳም ጠባሳው ሊቀር ይችላል።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ደግሞ የጉምሩክን ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ባይኖኩላር ይዘው ሲገቡ ጥያቄ የተነሳባቸው መንገደኞች አሉ። ድሬ ላይ ስኮፕ ስትተክሉም ወደ ኤርፖርቱና ወደ ካምፕ አታዙሩት። ጥበቃ መጥቶ «ምንድነው?» ካለ ከማብራራት ይልቅ ዛፉ ላይ ያለችውን ወፍ አስተካክላችሁ «ወንድሜ፣ ና እይ» በሉት።