በኒው ሃምፕሸር በነፃነት ስም ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካዋ ግዛት የኒው ሃምፕሸር የተወካዮች ምክር ቤት 400 መቀመጫ አለው፤ አንድ አባል የሚወክለው ወደ 3,400 ሰው ብቻ ነው። የዕጩነት መመዝገቢያው 2 ዶላር፣ ለአባሉ የሚከፈለው ደመወዝ በዓመት 100 ዶላር ነው። “መንግሥት ልኩን ይወቅ” የሚል ተራ ዜጋ ያለ ባለሀብት ድጋፍ ሊገባበት የሚችል ምክር ቤት ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሰናከለው ግን ከሐሳቡ ይልቅ በዝግጅቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የነዋሪነትን ጊዜ አለመቁጠር ነው። ዕጩው ከምርጫው በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት በግዛቲቱ የኖረ፣ በምርጫው ዕለትም የዚያው የምርጫ ክልል ነዋሪ መሆን አለበት። ነፃነት ወዳዶች ወደ አንድ ግዛት እንዲሰባሰቡ የሚጥረው ፍሪ ስቴት ፕሮጀክት የተባለ ንቅናቄ በ2003 ኒው ሃምፕሸርን ከመረጠ ወዲህ ለነፃነት ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ይሁንና በታኅሣሥ 2024 የገባ ሰው ለኅዳር 2026 ምርጫ አይደርስም። ለወገኖቻችን ደግሞ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፦ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ዜግነት ሳያገኝ በመራጭነት መመዝገብ የለበትም። ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል።

የመንግሥት ሥራ ያለው ሰውም ማጣራት አለበት። ሃች አክት የተባለው ሕግ የፌዴራል ሠራተኞች ፓርቲዎች በሚፎካከሩበት ምርጫ እንዲወዳደሩ አይፈቅድም፤ በግል ዕጩነት መቅረብም ከክልከላው አያወጣም። የፖስታ ቤት ሠራተኛም በዚሁ ሕግ ሥር ነው።

ቀጥሎ ቀኑ ነው። ምዝገባው በጁን የመጀመሪያ ረቡዕ ይከፈትና በተከታዩ ሳምንት ዓርብ ይዘጋል፤ በ2026 ከጁን 3 እስከ 12 ማለት ነው። የሚመዘገቡት በሚኖሩበት ከተማ ጸሐፊ ቢሮ ነው። ብዙዎችን የሚጥለው ግን ይህ አይደለም። በፓርቲ ስም የሚቀርብ ዕጩ የዚያ ፓርቲ አባል ሆኖ መመዝገብ ግድ ነው፤ የተመዘገበ መራጭ ፓርቲውን የሚቀይርበት በር ደግሞ ምዝገባው ሲከፈት ይዘጋል። እንግዲህ ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ይህን ያልጨረሰ ሰው 2 ዶላሩን ይዞ ቢሄድም አይሆንለትም።

ብዙ መቀመጫ ባለው የምርጫ ክልል አንድ ተቃዋሚ ለይቶ ማጥቃትም ትርፍ የለውም። አራት መቀመጫ ካለ መራጩ እስከ አራት ስም ድረስ ምልክት ያደርጋል። ለሌላ ፓርቲ ሦስት ድምፅ የሰጠ ሰው አራተኛውን ለእርስዎ ሊሰጥ ይችላል፤ የወደደውን ጎረቤቱን ከሰደቡበት ግን አይሰጥም። “ከአራቱ ድምፅዎ አንዱን ለእኔ ይስጡኝ” ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ነፃነትን እንደ መፈክር ብቻ መያዝ ነው። “ነፃ ሆነህ ኑር ወይም ሙት” የግዛቲቱ መሪ ቃል ነው፤ በመኪና ታርጋ ላይ ስላለ በቅስቀሳ ሰሌዳዎ ላይ ቢደግሙት ማንም አያስተውለውም። በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም፣ አጠቃላይ የሽያጭ ግብር የለም፤ በወለድና በትርፍ ድርሻ ላይ የነበረውም በ2025 መጀመሪያ ቀርቷል። መራጩን የሚያንገበግበው የቤትና የመሬት ግብር ነው። እዚህ ላይ “እቀንስልዎታለሁ” ብሎ ቃል መግባት ሐሰት ይሆናል። ሂሳቡ አራት ክፍል አለው፦ የከተማ፣ የትምህርት ቤት፣ የካውንቲ (ብዙ ከተሞችን የሚያቅፈው አስተዳደር) እና የግዛቱ የትምህርት ግብር። ብዙውን ጊዜ ትልቁ የትምህርት ቤቱ ነው፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ ከተሞች እሱንም የከተማውንም በጀት የሚያጸድቁት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በእጅዎ የሚገባው የካውንቲው ነው። የአንድ ካውንቲ ተወካዮች ሁሉ ተሰብስበው የካውንቲውን በጀት ያጸድቃሉ፦ የአረጋውያን መጦሪያውን፣ እስር ቤቱን፣ የሸሪፉን ቢሮ። ስለ ውስን መንግሥት እየሰበኩ ይህን በጀት ያላነበቡ ዕጩዎች መብዛታቸው ያሳዝነናል፤ መራጩ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው ለእነሱ ነውና። ያለፉትን ሦስት ዓመታት በጀት ከካውንቲው ቢሮ ያውጡ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፣ ከሌላው ይልቅ ያደገውን መስመር ያስምሩበት፣ ምክንያቱን የሚመለከተውን ኃላፊ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በር ላይ ቆመው የሚናገሩት ቁጥር ይኖርዎታል። የሚቀነሰውን ሲጠሩ የሚጎዳውንም ሰው ይጥሩ፤ መጦሪያ ውስጥ እናት ያለችው መራጭ መጠየቋ አይቀርም።

የቅስቀሳ ሰሌዳ ላይ ስምና አድራሻ፣ ወይም ይህንኑ በግልጽ የሚያሳይ የድረ ገጽ አድራሻ መጻፍ ግዴታ ነው። በመብራት ምሰሶ ላይ አይለጠፍም፤ በሰው መሬት ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይተከልም። የንብረት መብት አከብራለሁ የሚል ዕጩ በዚህ ሲያጠፋ ከማንም በላይ ይታዘቡታል።

በር ለማንኳኳት የመራጮችን መዝገብ ከከተማው ያግኙ። ቤቶቹ በተቀራረቡበት ሰፈር በሰዓት ከ15 እስከ 20 በር ያስቡ፤ ገጠር ከሆነ ግማሹን። ሰው ካጡ በራሪ ወረቀቱ ላይ ስልክዎን በእጅዎ ጽፈው በሩ እጀታ ላይ ይተዉት። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ግን አይክተቱ፤ ቴምብር የሌለው ወረቀት እዚያ ማስገባት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።