ደመወዝ ተቀብሎ መጥፋትና ሌሎች የሥራ መልቀቅ ስህተቶች

እኔም አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ ጻድቅ መስዬ አልጽፍም። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ተረክቤ እሠራ ነበር። ደመወዝ የገባ ቀን ስልኬን አጠፋሁና በሐረጎ ሽቅብ ደሴ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ተያዥ የሆነኝ አጎቴ ነው። «አንተ ልጅ፣ በስተርጅና ፍርድ ቤት ልታቆመኝ ነው?» አለኝ። ቡና ቀርቦለት አልጠጣም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፣ ሹልክ ብሎ መጥፋት። ሕጉ እኮ ከባድ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፣ ፈቃድ መለመን የለበትም። ሙከራ ላይ ያለ ደግሞ ማስጠንቀቂያም አያስፈልገውም። ሳያሳውቅ የወጣ ካሳ ይጠየቃል፣ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ አንድ ወር ደመወዝ ቢቀርብኝስ?» ይላል። እኔም ያልኩት እሱን ነው። የረሳሁት ተያዡን ነው፦ ሳታስረክቡ ስትጠፉ ቆጠራ ይደረጋል፣ የጎደለ ካለ የሚጠሩት ፈርሞ ያስገባችሁን ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ወይም የሰፈር ሰው ነው፣ ነገ ለቅሶ ቤት አጠገባችሁ የሚቀመጥ። የእኔ ቆጠራ ምንም አልጎደለውም። ግን ያ እስኪረጋገጥ አጎቴ ሁለት ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ ተመላልሷል።

ሌላው፣ በአፍ ብቻ መናገር። «ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ» ምንም አይደለም፣ አለቃው ነገ ይክዳል ወይም እሱም ይለቃል። ደብዳቤ ጻፉ፣ በሁለት ቅጂ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ቀናችሁን ከዚያ ቁጠሩ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ይበቃዋል። የሱፐርቫይዘሩን ግልምጫ እዚያ ላይ አትዘርዝሩት፣ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

«ና፣ ቦታ አለ» በሚል የጓደኛ ስልክ መልቀቅም አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ ጥቂት ብር ጭማሪ ተሰማ ሲባል ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። ውል ሳትፈርሙ የያዛችሁትን አትልቀቁ። በቃ።

ክሊራንስ (የያዙትን አስረክቦ ዕዳ እንደሌለ ማስፈረም) ሳይጨርሱ መሄድ ደግሞ የራስን ገንዘብ ጥሎ መሄድ ነው። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ ስትለቁ በብር ይታሰባል፣ ቀሪ ክፍያችሁም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ወረቀት በነፃ ነው፣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዛችሁን ይዞ። «ነገ ና» ካሏችሁ ነገም ሂዱ። ጡረታችሁንም እዩት፦ ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ ገቢ መደረጉን ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ነው የምትተዳደሩት፣ ይሄን አዋጅ ይዛችሁ እንዳትከራከሩ።)

የመጨረሻው የተገላቢጦሽ ነው፦ መቆየት በማይገባ ቦታ 30 ቀን መቆየት። ይሄን በተለይ ከገጠር መጥተው ኮምቦልቻ ቤት ተጋርተው ለሚኖሩ እህቶች ነው የምለው። ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰባችሁ፣ አሠሪው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ነገር ከፈጸመባችሁ፣ ለሕይወት ወይም ለጤና የሚያሰጋ አደጋ እያለ እያወቀ ዝም ካለ፣ ወይም ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ። ምክንያቱን ግን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ጊዜም አለው፣ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን አንሥቶ 15 የሥራ ቀን። እኛ አገር ደግሞ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ከዚያ ይመከራል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ አቦል ቶና በረካ ሲባል ቀኑ ያልቃል። ሽማግሌ መላኩን አልቃወምም። ደብዳቤው ግን ቀድሞ ይግባ።