ከጦሳ እስከ የጎፍ፦ በደን መሬት አያያዝ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋነኛው ስህተት አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ደን ብሎ መቁጠር ነው። ከደሴ ከተማ ሆኖ ወደ ጦሳ ሽቅብ ያየ ሰው ተራራው ለምልሟል ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ሲተከል ውሃውን ስለሚሻማ ከሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም እንደልብ አይበቅልም፤ ቅጠሉንም ፍየል እንኳ አትቀምሰውም። ማገዶና አጣና ለሚሻ ቤተሰብ ባለውለታ መሆኑን አልክድም፤ ጥድና ወይራ በነበሩበት ቦታ መተካቱ ግን የዱር እንስሳትን ምግብና መጠለያ ያሳጣል።

ሁለተኛው ደኑን «ለማጽዳት» ተብሎ ክትክታን፣ አጋምንና ደደሆን መመንጠር ሲሆን፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ድኩላ ቀኑን የሚያሳልፈው በዚሁ ጥሻ ውስጥ ነው። የደደሆን ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው ከሥሩ ስንዝር የማትሞላ የወይራ ችግኝ ሊያገኝ ይችላል፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ቁጥቋጦው ላይ ስታርፍ ዘሩን ከኩሷ ጋር ጥላው፣ የቁጥቋጦው ጥላ ከፀሐይ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ከፍየል አፍ ጋርዷት የበቀለች ናት። ቁጥቋጦው ሲመነጠር የነገው ወይራ አብሮ ይመነጠራል። ቆሞ የደረቀ ግንድም ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ግንደ ቆርቁር ቦርቡሮ የሠራውን ጎጆ እርሱ ሲለቅ ሌሎች ወፎች ይወርሱታል። ስለዚህ ለማገዶ የወደቀውን ጭራሮ መልቀም፣ ከቆመው ደረቅ ግንድ ግን ጥቂቱን መተው ይገባል።

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ እንዲሆን በተከለለ ተራራ ላይ ሣርን አጭዶ ለከብት ማቅረብ መልካም አሠራር ነው፤ ሁሉንም በአንድ ሰሞን ማጨድ ግን ቆቅንና ጅግራን መደበቂያ ያሳጣል። ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ በፈረቃ ይታጨድ።

የመጨረሻው፣ ከኮምቦልቻ ከተማ በላይ እንዳለው የጎፍ ተራራ ባለ ደን ጥግ ድረስ አርሶ በቆሎ መዝራትና ጦጣና ጃርት ሲመጡ እነርሱን መውቀስ ነው። በእርሻውና በደኑ መካከል የሣር መሬት መተው ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርዱት ፈፋዎች ዳር ያለው ዛፍም ድኩላው ከአንዱ ጥሻ ወደ ሌላው ተከልሎ የሚሻገርበት መንገድ ስለሆነ፣ ማረሻው ከዚያ ሊርቅ ይገባል።