አሳማዎቻችሁን ከቫይረስ እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ቫይረስ ትንሽ እርባታ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እኛው ይዘነው ስንገባ ነው። በጫማ፣ በባልዲ፣ በትርፍራፊ ምግብ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትን ብቻ ብንወስድ ሰውን አይዝም፣ አሳማውን ግን ሙልጭ አድርጎ ይፈጃል፤ ማከሚያ መድኃኒትም የለውም።

መጀመሪያ አጥር ይኑር፣ በሩም አንድ ይሁን። በሩ ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ውጭ የመንገድ ጫማ፣ ከውስጥ ደግሞ ከግቢው ፈጽሞ የማይወጣ ቦቲ። ጎረቤትም ነጋዴም ያለ ቦቲ አይገባም፤ ቅር ቢለው ይለው።

ብዙ ሰው በር ላይ በረኪና በጥብጦ ያስቀምጥና በጭቃ ጫማው ረገጥ አድርጎት ያልፋል። ይሄ ለታይታ ነው! ጭቃና ፋንድያ የበረኪናውን ጉልበት ይገድሉታል። መጀመሪያ የሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የተሰገሰገውን ሳይቀር በብሩሽና በሳሙና ፈቅፍቁ፣ ከዚያ የበረኪናው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል በረኪናው ውስጥ ነክራችሁ አቆዩት። ውሃው ከደፈረሰ ድፉት።

ቀጥሎ መኖው። ትርፍራፊ ምግብ፣ በተለይ ሥጋ የነካው፣ ባትሰጡ ይመረጣል፤ በአንዳንድ አገር በሕግም የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታንያን ያመሰው የአፍና እግር በሽታ የተነሳው በደንብ ያልተቀቀለ ትርፍራፊ ከተሰጣቸው አሳማዎች እንደሆነ ይታመናል። ሕጉ ከፈቀደና የግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ሰዓት እያማሰላችሁ ቀቅሉት። ጥሬውን ባመጣችሁበት ባልዲ የበሰለውን መልሳችሁ ካቀረባችሁ ግን ማገዶ ነው ያባከናችሁት።

አዲስ የተገዛ አሳማ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ። መኖ ስትሰጡ እሱ ጋ መጨረሻ ሂዱ። ለማስጠቃት ኮርማ መዋዋስም ይቅር፤ መርፌም ለእያንዳንዱ አሳማ የራሱ ይሁን።

አሳማ መብላት ካቆመ፣ ካተኮሰው፣ ጆሮውና ሆዱ ከቀላ ወይም በድንገት ከሞተ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ሐኪሙ እስኪመጣ እንዳታርዱት፣ በድኑንም አትክፈቱት። ደሙ በቫይረስ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ የቀሩትን በርካሽ ይሸጣል። በሽታውን ለሌላው ገበሬ የሚያደርሰው ይሄ ሽያጭ ነው፣ ሥጋውም ቢሆን፣ ምክንያቱም የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ በበረዶ በቆየ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይኖራል። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ አሳማም፣ ሥጋም፣ ፋንድያም ከግቢው አይውጣ።