ዕቁባችሁን መጨረሻ ላይ ውሰዱ፦ ከሰሜን ሸዋ ሜልቦርን ለምትገቡ፣ ስለ መጀመሪያ ቤት ግዥ

ለጥምቀት ከሜልቦርን ደብረ ብርሃን ገብቼ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። የአክስቴ ልጅ የአውስትራሊያ ቪዛዋ ወጥቶላት ጓዝ እያሰናዳች ነበር። «እዚያ ቤት የሚገዛው እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ አክስቴ «መጀመሪያ በሰላም ድረሺ እንጂ!» ብለው ተቆጡ። እኔ ግን ለልጅቷ ፈረድኩ። ጥያቄው ቀደመ የሚባል አይደለም፤ እኔ አራት ዓመት ዘግይቼ ነው የጠየቅሁት።

እኛ አገር ቤት የሚሠራው ብር በተገኘ ቁጥር ነው። በማኅበር ቦታ ይመራሉ፣ ሰርቪሷ ቀድማ ትቆማለች፣ እዚያ እየኖሩ ቆርቆሮው ዘንድሮ፣ ልስኑ ለከርሞ እያሉ ዋናው ቤት ይነሣል። ሜልቦርን ቤቱ ከነቀለሙ አልቆ ይገዛል፤ ቀስ እያለ የሚሄደው ዕዳው ነው፣ ብዙውን ጊዜ 30 ዓመት። ስለዚህ አበዳሪው እጃችሁ ላይ ካለው ገንዘብ ይልቅ ገንዘቡ የመጣበትን መንገድ ይመረምራል።

ከዲፖዚቱ፣ ማለትም ከቤቱ ዋጋ ላይ ከራሳችሁ ቀድማችሁ ከምትከፍሉት ድርሻ እንጀምር። ድሮ የሚታወቀው ልክ 20 ከመቶ ነው። ለ700 ሺህ ዶላር ቤት 140 ሺህ ማለት ነው። ከዚያ በታች ከያዛችሁ ባንኩ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ኢንሹራንስ ያስከፍላችኋል፤ የምትከፍሉት እናንተ፣ መድኑ ግን ለባንኩ ነው። ይህንን የሚያስቀር የመንግሥት ዋስትና አለ። 5 ከመቶ ብቻ ይዞ ለሚመጣ የመጀመሪያ ቤት ገዥ መንግሥት ለባንኩ ዋስ ይሆናል፣ ኢንሹራንሱም ይቀራል። ልጅ ብቻውን ለሚያሳድግ ወላጅ 2 ከመቶ ይበቃል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የገቢ ጣሪያው ተነሥቷል፤ የቤቱ ዋጋ ግን ጣሪያ አለው፣ ለሜልቦርን 950 ሺህ ዶላር። ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በቤቱም ራሳችሁ መኖር አለባችሁ። ብዙ ሰው «አገር ቤት የራሴ ቤት ስላለኝ አይመለከተኝም» ይላል። የሚጠየቀው ግን ባለፉት 10 ዓመታት በአውስትራሊያ ውስጥ ቤት ነበራችሁ ወይ ተብሎ ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ፣ ተማሪዎችን ጨምሮ፣ እስከ ማርች 31 ቀን 2027 ድረስ የተኖረበት ቤት መግዛት ተከልክሏል፤ እስከዚያ ማጠራቀም ነው።

አሁን ወደ ዕቁቡ። ሜልቦርንም ዕቁብ አለ፤ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዕጣው ሁሉ እንደ አገር ቤት ነው። ችግሩ ባንኩ ዕቁብ አያውቅም። እኔ ዕጣ ደርሶኝ 20 ሺህ ዶላር ባንድ ቀን ሒሳቤ ሲገባ የቤት ዲፖዚት ሞላ ብዬ ተደስቼ ነበር። ማመልከቻዬን ያየው አበዳሪ «ይህ ብድር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቱን ነው፤ ገና አሥር ወር የምጥለው ዕቁብ ነበረብኝ። ቀድሞ የወሰደ ሰው ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚወስድ ደግሞ ቆጣቢ። ስለዚህ ለቤት የምታጠራቅሙ ከሆነ ከዳኛው ጋር ተነጋግራችሁ የመጨረሻውን ዕጣ ያዙ፤ ቸግሮት ቀድሞ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። መዋጮውን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከሒሳባችሁ ላኩ፣ ወርኃዊ ዱካው ይታይ። የደረሳችሁንም ቢያንስ 3 ወር አትንኩት፤ ብዙ አበዳሪዎች በእውነት የተቆጠበ ገንዘብ የሚሉት ሦስት ወር የተቀመጠውን ነው። ኪራያችሁን በወቅቱ መክፈላችሁን እንደ ቁጠባ የሚቆጥሩም አሉ፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ዘመድ ቢረዳችሁ «ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ይጠየቃል። በሰው እጅ የመጣ ገንዘብ ግን ምንጩን ማስረዳት ከባድ ነው።

አበዳሪው ስትበደሩ የሚፈትናችሁ በዛሬው ወለድ ላይ 3 ከመቶ ጨምሮ ነው። 665 ሺህ ዶላር በ6 ከመቶ ለ30 ዓመት ብትበደሩ ክፍያው በወር ወደ 4 ሺህ ዶላር ይጠጋል፤ ፈተናው ግን በ9 ከመቶ ስለሆነ ከ5,300 በላይ መክፈል እንደምትችሉ ነው የሚታየው። እዚህ ላይ የሚያወድቁን ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የክሬዲት ካርድ ባትነኩትም ጣሪያው እንደ ዕዳ ይቆጠራል፤ የማትጠቀሙበትን ዝጉ። ለኡበር ብላችሁ በብድር የገዛችሁት መኪና ከቤቱ ብድር ላይ ብዙ ይቀንሳል። ተቀጥራችሁ ሳይሆን በራሳችሁ የንግድ ቁጥር የምትሠሩ ከሆነ አብዛኛው አበዳሪ የሁለት ዓመት የግብር ማስታወቂያ ይፈልጋል። ለእናት ለአባት በየወሩ የምትልኩትም ወጪ ነው። አትደብቁት፣ በሒሳባችሁ ላይ ያለ ነገር አይደበቅም። (እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ መላኩ ይቅር?» አለች። አይቅር፣ በልኩ ይሁን።)

ከዲፖዚቱ ሌላ የሚያስደነግጠው ስታምፕ ዱቲ፣ ቤት ሲገዛ ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሚከፈለው ቀረጥ ነው። ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያ ቤታችሁ እስከ 600 ሺህ ዶላር ከሆነ አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ቅናሹ እየሳሳ ሄዶ 750 ሺህ ላይ ያልቃል። በ700 ሺህ የሚገዛ ሰው ከ24 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ለ100 ሺህ ዋጋ ልዩነት በ5 ከመቶ ዲፖዚቱ የሚጨምረው 5 ሺህ ብቻ ነው፣ ዱቲው ግን አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከ600 ሺህ በታች ያለውን እዩ፤ ራቅ ቢልም፣ ጠበብ ቢልም። ለአዲስ ቤት እስከ 750 ሺህ ድረስ 10 ሺህ ዶላር ድጎማም አለ።

በሱፐር (በጡረታ ቁጠባችሁ) በኩልም መቆጠብ ይቻላል፤ በፈቃዳችሁ ያስገባችሁትን በዓመት እስከ 15 ሺህ፣ በጠቅላላ እስከ 50 ሺህ ለመጀመሪያ ቤት ማውጣት ትችላላችሁ። ጥያቄውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት አቅርቡ። ወለድ አልነካም ለምትሉ የሸዋ ሮቢትና የአታዬ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ በሸሪዓ መንገድ የሚያገበያዩ ተቋማት አሉ።

የቤት ብድር የሚያፈላልግላችሁን የሞርጌጅ ብሮከር እንደኛ አገር ደላላ አትዩት። ኮሚሽኑን የሚከፍለው አበዳሪው ነው፣ እርሱ ግን ለእናንተ ጥቅም እንዲሠራ ሕግ ያስገድደዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደረገው ጨረታ ደግሞ አደገኛ ነው፤ መዶሻው ከወረደ መመለስ የለም። በተራ ሽያጭ ግን ከፈረማችሁ በኋላ ሐሳብ የመቀየሪያ 3 የሥራ ቀን አላችሁ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት የመጨረሻው ነገር ስሟን ነው። ፓስፖርቷ ላይ የአያቷ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፣ የጋብቻ ወረቀቷ ላይ ደግሞ ሙሉ ነው። ባንክ ላይ ሁለት ሰው ትሆናለች። በማግስቱ ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ወረቀቱን ለማስተካከል ወጣች።