«ቦዩ ይጠረግልን» ብሎ ለመጻፍ፦ አሳማኝ ጽሑፍ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግንቦት ላይ ደሴ፣ የሰፈራችን ሰዎች ማመልከቻ አረቀቁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ክረምት ላይ ቤት እንዳይገባብን ቦዩ ይጠረግልን የሚል ነው። «እስቲ አንዴ እይልን» ብለው ሰጡኝ። ጉዳዩ እውነት ነው። ጽሑፉ ግን አያሳምንም። ያየኋቸውን ስህተቶች ከነስማቸው እነሆ።

ሬቶሪክን የወሬ ማሳመሪያ አድርጎ ማየት። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሬቶሪክን ሲያስረዳ፣ በየጉዳዩ ሊያሳምን የሚችለውን ነገር አይቶ የማግኘት ችሎታ ነው ብሏል። ማሳመር ከዚያ በኋላ ይመጣል። በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገቱ ለነበሩ አያቶቻችንም ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ኢቶስን ከማዕረግ ጋር ማምታታት። ኢቶስ ማለት ጸሐፊው በአንባቢው ዘንድ የሚያገኘው አመኔታ ነው። ረቂቁ «እኛ የተከበርን የአገር ሽማግሌዎች» ብሎ ይጀምር ነበር። «ቦዩን ሁለት ጊዜ በራሳችን ጉልበት ጠርገናል» የሚለው ግን መጨረሻ ላይ ተደብቋል። አመኔታ የሚያመጣው እሱ ነው፤ ወደ ላይ አወጣነው።

ፓቶስ ሲበዛ። ፓቶስ የአንባቢን ስሜት መንካት ነው። «ኧረ የመንግሥት ያለህ» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በሌሊት ፍራሽ ተሸክማ ውሃ ውስጥ የቆመች እናት አንዴ ብትጠቀስ ይበቃ ነበር።

በሎጎስ ውስጥ ድልድዩን መርሳት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሎጎስ ምክንያታዊው ክፍል ነው። አቋም አለ፤ ማስረጃ አለ። ሁለቱን እንደ ድልድይ የሚያገናኝ ሐሳብም አለ፤ ስቲፈን ቱልሚን የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ዋራንት ይለዋል። ረቂቁ «ቦዩ በደለል ተሞልቷል፤ ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ይጥረግልን» ይላል። አንባቢው «ለምን ራሳችሁ አትጠርጉትም?» ቢልስ? ድልድዩ የለም። ጠይቄ ስረዳ፣ ቦዩ የላይኛውን ሰፈር ውሃ ጭምር የሚቀበል ነው፤ ደለሉም ያለ ማሽን አይነሳም። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አልጻፈውም!

ሁሉንም መጻፍ ግን አይጠበቅም። አንባቢ አስቀድሞ የተቀበለውን ሐሳብ ሳይጽፉ መሟገት ኤንቲሚም ይባላል። ለደሴ ሰው ሐምሌ ላይ እንደሚዘንብ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ደብዳቤው ሩቅ ላለ ሰው ከሆነ ግን መጻፍ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነበው ማን እንደሆነ ይታወቅ።

የሌላውን ወገን መልስ መዝለል። የወሎ አበጋሮች ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ጽሑፍም እንዲሁ ነው። «በጀት የለም» መባሉ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ «ማሽኑን ስጡን፣ የጉልበቱን ሥራ እኛ እንሸፍናለን» የሚል መልስ ጨመርን።

ካይሮስ፣ ማለትም ትክክለኛውን ጊዜ መምረጥ፣ ላይ አልተሳሳቱም። ግንቦት ጥሩ ነው፤ ሐምሌ ቢሆን ረፍዷል።

የመጨረሻው ስህተት «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» የሚለው መዝጊያ ነው። ምን ይደረግ? መቼ? ሰርዘነው እንዲህ ጻፍን፦ «ከድልድዩ እስከ መስጊዱ ጥግ ያለው ቦይ ከሰኔ 30 በፊት በማሽን እንዲጠረግልን እንጠይቃለን።»