ሰኞ ባቲ ወርዶ ፍየል ለሚገዛ

የወሎዋ ባቲ ለገበያ የሚኬደው ሰኞ ነው። በሌላ ቀን ብትሄዱ ጭር ያለ ሜዳ ነው የሚጠብቃችሁ። ሰኞ ግን አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከዙሪያው ተራራ ይመጣና ከተማዋ ትሞላለች። ከአገራችን ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። እኔ የደሴ ሰው ነኝ፤ ለበዓልም ለድግስም ፍየል የምገዛው ከዚያ ነው። በየበዓሉ ዋዜማ «እንዴት ነው የምትገዛው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን ልጻፈው።

ከደሴ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ውጡ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ ሚሌ የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን ስለ መንገዱ ጠይቁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የጠዋቱ ብርድ ያታልላል፤ ባቲ ከዚያ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኮፍያና ውሃ አይቅርባችሁ።

አማርኛ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ትገበያያላችሁ። ግን ሻጩና ደላላው በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ቢያንስ ቁጥሩን መስማት ብትችሉ እንዴት እንደሚጠቅማችሁ! ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፤ ከአንድ እስከ አምስት ይኸው ነው። መቶ ዺባ፣ ሺህ ኩማ። መኪና ውስጥ እየደጋገማችሁ ውረዱ። ዋጋ ስትጠይቁ «ሜቃ?» በሉ። በዕድሜ የሚበልጧችሁን ወንዱን ኦቦ፣ ሴቷን አዴ ብላችሁ ጥሩ። ከሁሉም በፊት ግን ሰላምታ ይቅደም። «አሰላሙ ዐለይኩም» ስትሉ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም እኩል ይመልስላችኋል። ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ ደግሞ በእኛ በወሎዎች ዘንድ ነውር ነው።

የግመሉን ተራ ባትገዙም እዩት። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ግን መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ እምቢ ካለ በቃ።

አሁን ወደ ፍየሉ። ለድግስ ከሆነ ተኮላሽቶ የደለበ ሙክት ፈልጉ፤ ያልተኮላሸ ወጠጤ ሥጋው ይከረፋል። መልኩ አምሮ ቆዳው ስላበራ ብቻ አትቸኩሉ፣ አፉን ክፈቱ። የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ዝቅ አድርጋችሁ የፊት ጥርሶቹን ተመልከቱ። የላይኛው ላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው አትደንግጡ፣ ተፈጥሮው ነው። ከታች ስምንቱም ደቃቅ የወተት ጥርስ ከሆነ ገና ዓመት ገደማ ነው። መሐል ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ከበቀሉ ዓመቱን አልፏል፤ አራት ከሆኑ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። ለሥጋ እኔ ከእነዚህ ከሁለቱ አልወጣም። ጥርሱ የተበላ ወይም የተሰባበረ ከሆነ አርጅቷል፣ ተዉት።

ከዚያ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለውን ወገቡን በመዳፋችሁ ጫን አድርጉ። አጥንቱ እጃችሁን ከወጋ ከስቷል። ሥጋ ከሞላው ጥሩ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ወገቡ ከሾለ ግን ጠዋት ውሃ ጠጥቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጭራውን ገልጣችሁ ተቅማጥ እንደሌለው እዩ፣ አፍንጫውንም ተመልከቱ። ትንሽም አስኪዱት፤ ማነከሱ ቆሞ አይታይም።

ደላላ ሳትጠሩት ይመጣል። አትገፍትሩት፤ ሥራውን ያውቃል። ግን ድለላውን ማን እንደሚከፍል ድርድሩ ሳይጀመር ተነጋገሩ። ሻጩ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠራ አትጩሁ፣ ፊታችሁንም አታጥቁሩ። ዝም ብላችሁ ሌላ ሁለት ሦስት ፍየል አይታችሁ ተመለሱ። ስትስማሙ «አላህ ይባርክልህ» ብላችሁ ጨብጡት። ከጨበጣችሁ በኋላ ዋጋ መቀነስ የለም፤ እጅ ከተመታ አለቀ።

ቤት ገብታችሁ ስታርዱ ቆዳውን አደራ። የዚህ አካባቢ የፍየል ቆዳ በቆዳ ነጋዴው ዓለም «ባቲ ጀኒዩን» ተብሎ የሚታወቅ ምርጥ ቆዳ ነው። ቢላውን ለመጀመሪያው ስንጥቅ ብቻ ተጠቀሙ፣ የቀረውን በጡጫ እየገፋችሁ ግፈፉ። በቢላ የተቦደሰ ቆዳ ዋጋው ይወድቃል። የዚያኑ ቀን ለቆዳ ነጋዴ ካላደረሳችሁት የሥጋውን በኩል ወደ ላይ ዘርግታችሁ ጨው በደንብ ነስንሱበትና ጥላ ውስጥ አቆዩት።